በእናትሽ ውሃ ላይ ስለ ጨመርኩት በረዶ

ይድረስ ለልጄ ለየኔነሽ ሣህሉ፣ ኪየቭ።

ልጄ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ደረትሽስ ብርዱን ቻለው? ጫማሽ ውሃ ያስገባል ብለሽኝ ነበር፤ ሌላ አገኘሽ ወይ? ምግቡስ ለመደልሽ? እኔ እስካሁን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ጤናዬን ከጠየቅሽ ይኸው ነው። ድሬዳዋም ጥር ገብቶ ትንሽ ነፋስ አግኝታለች።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። በፊት የጎረቤታችን የመሐሙድ ልጅ ሳሕራ ነበረች የምትጽፍልኝ። ዛሬ ግን ለማንም የማላስነብበው ነገር ስለሆነ፣ መሠረተ ትምህርት ያስቆጠረኝን ፊደል ይዤ ሦስት ቀን ታገልኩ። ቢጣመምብሽ አትሳቂ።

ስለ ባክቴሪያ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ደስ ብሎሽ እንደጻፍሽው ያስታውቃል። ብርድ ሲመጣበት አይሞትም፣ ሥራውን አቁሞ ይተኛል አልሽ። በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ እንዳይቀደው እንደ ስኳር ያለ ነገር ያዘጋጃል፣ ቆዳውንም እንዳይደርቅበት ያለሰልሳል አልሽ። ሌላው ዓይነት ደግሞ ረሃብና ድርቅ ሲጠናበት ጠንካራ ቅርፊት ሠርቶ ስንት ዓመት ተደብቆ ይቆያል። አስተማሪሽ ከበረዶ አውጥታ ሙቀት ብትሰጠው በማግስቱ ተራብቶ አየነው ብለሻል። አራት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ውሸት ነው አልኩ። ሠላሳ ዓመት በባቡር፣ በበረዶ ፉርጎ ሥጋ ጅቡቲ ሳደርስ አንድ ቀን አልሸተተብኝም። ካልሸተተ ጀርሙ ሞቷል ማለት ነው ብዬ ኖርኩ፤ ይህን በአፍንጫዬ ያወቅኩት ነው፣ ማንም አላስተማረኝም።

ባለፈው ሰኔ እናትሽ በድንገት ታማ አረፈች ብዬ ያስጻፍኩልሽ ሙሉ አይደለም። ወባው ለቋት፣ ከአልጋዋ ተነሥታ ደጅ መቀመጥ ጀምራ ነበር። ሐኪሙ አንጀቷ ደክሟልና የፈላ ውሃ ብቻ ስጧት ብሎ አዘዘን። ጎረቤታችን ዐስሊ በየጠዋቱ አፍልታ ታመጣላት ነበር። ሙቀቱ ግን የሰኔ ነው፤ እናትሽ ለብ ያለውን ውሃ አይታ ትተወዋለች። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ስጠኝ ብላኝ የማታውቅ ሴት፣ ቀዝቃዛ ነገር ለመነችኝ።

ቧንቧው ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ከተቆፈረው ጉድጓድ ቀድቼ፣ ሳላፈላ፣ ግሪኩ ባለሱቅ አገሩ ሲገባ በሸጠልኝ ፍሪጅ በረዶ አደረግኩት። ዐስሊ አየችኝና ተው አቦ፣ ይኼ እኮ አልፈላም አለችኝ። አንቺ ቢዮ አዋሌ ገጠር ፍየል ስታልቢ ኖረሽ ስለ በረዶ ልታስተምሪኝ ነው ወይ አልኳት። እሳት ገደለው ብርድ ገደለው ያው ሞት ነው አልኩ። እሷም ባዶ ዕቃዋን አንሥታ ወጣች።

እናትሽ በረዶውን ቆረጣጥማ ገና አሁን ነፍሴ መለስ አለች አለችኝ። ኮራሁ። በማግስቱ ተቅማጥና ትውከት ያዛት። በጠማት ቁጥር በረዶ ጨመርኩላት። ዐስሊ ያፈላችው ላይ እንኳ ይበልጥ ይጽዳ ብዬ ጣል አደርግበት ነበር። በአምስተኛው ቀን አረፈች።

በረዶው ላይሆን ይችላል ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። የተማርሽው እኔን ለማባበል አይደለም። ከአሸዋ የቀዳሁትን በፍሪጅ አስተኝቼ ሆዷ ውስጥ ያነቃሁት እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ልናገር ሄጄ ከበር ተመለስኩ፤ የእግዜር ፈቃድ ነው ይሉኛል፣ የእኔ ፈቃድ ነበር። ዐስሊ እስከ ዛሬ ብዬህ አልነበረም ወይ አላለችኝም። ብትለኝ እጣላት ነበር፤ ስለማትለኝ ቀና ብዬ ላያት አቃተኝ። አንቺም ባትጽፊልኝ ኖሮ እንደ ኮራሁ እሞት ነበር። አልቀየምሽም።

ዐስሊ ሰላም ብላሻለች፤ ምን እንደጻፍኩ አታውቅም። መሐሙድም ከነቤተሰቡ ሰላም ይልሻል፤ ሳሕራ ለምን እኔ አልጻፍኩም ብላ አኩርፋኛለች። ወንድምሽ ክፍሉ ከሁርሶ ማሠልጠኛ እንደምን አለሽ ብሎሻል። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ወደ ጦር ሜዳ ሊልኳቸው ነው ይባላል፣ ይህን ተሸክሞ አይሂድ። እሱ ከተመለሰ አንቺ ትነግሪዋለሽ፤ እኔ ሁለተኛ የምጽፍበት አቅም የለኝም።

መልስ ስትጽፊ አባባ ማለት ከከበደሽ፣ ሣህሉ ብለሽ ጀምሪ። እሱንም አነባለሁ።

ሣህሉ ጉግሳ
ድሬዳዋ፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.