ያልመታሁት ምት

ድሬዳዋ፣ ጥር 1961 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእትዬ የሺአረግ፤ የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ ከዳልቻው በሬያችን በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

እሱን የላይኛው እርሻ ሰዎች፣ እጃቸው ይቆረጥና፣ "የውሃ ተራችንን ወሰዳችሁ" ብለው በመጥረቢያ ጨፈጨፉት። ደሙ በቦዩ ወርዶ ብርቱካኑን አጠጣው። ቆዳውን ገፍፌ ከበሮዬ ላይ ወጠርኩት።

እኔ ቀን ዶማ፣ አመሻሽ ላይ ከበሮ እንደያዝኩ ነኝ። ከበሮ ሲጠሉ የኖሩት አባባ አሁን "ጉግሳ፣ በኃይል ምታ!" ይሉኛል። እኔ ደጅ ስደልቅ እሳቸው ጓሮ ገብተው በጣልያን ጊዜው ጠመንጃ ቁልቋሉን ይበጣጥሱታል። ለጎረቤት የሚሰማው ከበሮዬ ብቻ ነው።

እሑድ ዕለት ዓብዲ፣ ቀፊራ ገበያ የዘፈን ሸክላ የሚሸጠው፣ ቴፑን ይዞ መጥቶ ራሴ የደረስኩትን ዘፈን ቀዳልኝ። መልሶ ሲያሰማኝ፣ "ወላሂ ጉግሳ፣ ይቺን ምት እንዴት መታሃት? ጆሮዬን በሳችው!" አለ።

ያቺን እኔ አልመታኋትም።

"አዲስ ቆዳ ስለሆነ ነው" አልኩት።

አባባ ያንቺን ቃል ይሰማሉ፤ ከቻልሽ በባቡር ነይ። በመጪው ሐሙስ ውሃ የምናጠጣው እኛ ነን። አባባ "ከበሮህን ይዘህ ትመጣለህ" ብለውኛል።

አምላክ አንድም ሰው ሳይጎድልብን ያገናኘን።

ወንድምሽ ጉግሳ