ወይዘሮ አልጣሽ ክንዱ፣ የላህ ክለብ ደጋፊ (1968–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ አልጣሽ ክንዱ ከአባታቸው ከአቶ ክንዱ ወልደ ገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሥላሴ ታደለ በደጋ ዳሞት ወረዳ በፈረስ ቤት ከተማ መስከረም 17 ቀን 1968 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ቢሆነኝ ክንዱ ነው። ቤተሰቡ ጽሑፉን ለሌላ ሰው መስጠት ፈልጎ ነበር፤ እሳቸው ግን ቢሆነኝ ይጻፈው ብለው ተናዘዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በፈረስ ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በፍኖተ ሰላም ተከታትለው በ1987 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በባሕር ዳር አጭር ሥልጠና ወስደው በ1989 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆነው ተቀጠሩ። ለሃያ ስምንት ዓመት በየቤቱ እየዞሩ ቆጣሪ አነበቡ። ያልገቡበት ግቢ፣ ስሙን የማያውቁት ውሻ አልነበረም።

እናታቸው በ1990 ዓ.ም. ሲያርፉ በአሥር ዓመት የሚያንሳቸውን ቢሆነኝን ከፈረስ ቤት አምጥተው አሳደጉት። በ1992 ዓ.ም. ከመምህር ስመኘው አብተው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ሄቨንንና ክንፈሚካኤልን ወለዱ።

ወይዘሮ አልጣሽ ለኳስ ግድ አልነበራቸውም። በ1998 ዓ.ም. ወንድማቸው ለከተማው ክለብ ለላህ በረኛ ሆኖ ሲሰለፍ እሱን ለማየት ሜዳ ሄዱ። ከዚያ በኋላ እሱ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲቀመጥም መሄዳቸውን አልተዉም። ቆጣሪ ሊያነቡ በገቡበት ቤት ሁሉ ደጋፊ መዘገቡ። በ2002 ዓ.ም. የደጋፊዎች ማኅበር ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። የላህ ባላንጣ የቡሬው ፈጣም ክለብ ነው። ሁለቱም ስማቸውን ከወንዝ የወሰዱ ናቸው፤ በተገናኙ ቁጥር ወይዘሮ አልጣሽ ከበሮውን ይዘው ፊት ይቆሙና እንዲህ ያስጮሁ ነበር፦

«ቡሬዎች ወንዛችሁ ፈጣም ነው ይባላል፣
ሜዳችን ሲደርስ ግን ተኝቶ ይውላል።»

የቡሬ ደጋፊዎችም ይስቁ ነበር። ያን ጊዜ ይሳቅ ነበር።

ሰኔ 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ላህ ወደ ላይኛው ሊግ ለማለፍ በሜዳው ከፈጣም ጋር ተጫወተ። አቻ መውጣት ይበቃው ነበር። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከርቀት የተመታች ቀላል ኳስ በወንድማቸው እጅና እግር መካከል ሾልካ ገባች። ጨዋታው አንድ ለባዶ አለቀ። ላህ አላለፈም።

ወንድማቸው በዚያ ወቅት የቡሬ ልጅ ሠርክአዲስን አጭቶ ነበር። ከሜዳው ሲወጣ «ሸጦታል!» የሚል ጩኸት ተነሣ። በማግሥቱ በየባጃጁ ይወራ ጀመር። በሳምንቱ የደጋፊዎች ማኅበር ለክለቡ ደብዳቤ ጻፈ፤ በረኛው ቢሆነኝ ክንዱ ከእንግዲህ የላህን ማሊያ እንዳይለብስ ይጠይቃል። ክለቡ ቅጂውን ሰጠው። ጽሕፈቱ የወይዘሮ አልጣሽ ነበር፤ ከሥር የፈረሙትም እሳቸው ናቸው።

ወንድማቸው ልብሱን ይዞ ቡሬ ገባ። ሠርክአዲስን አገባ፤ ባጃጅ ነዳ፤ በኋላም የፈጣም በረኞች አሠልጣኝ ሆነ። በሠርጉ ላይ ወይዘሮ አልጣሽ አልተገኙም። በ2011 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ በአንድ ድንኳን ውስጥ በተለያየ ወንበር ተቀምጠው ሦስት ቀን ለቀስተኛ ተቀበሉ። ስለ ደብዳቤው ማንም አላነሣም።

እሳቸው ላህን መደገፋቸውን ቀጠሉ። በ2010 ዓ.ም. ላህ በግብ ልዩነት ሳያልፍ ቀረ። በ2012 ዓ.ም. ውድድሩ በወረርሽኙ ተቋረጠ። በ2014 ዓ.ም. እንደገና ማጣሪያ ደረሰ፤ ባላጋራው ፈጣም፣ ሜዳው ቡሬ ነበር። ደጋፊው በአሥራ አንድ ሚኒባስ ሄደ። መደበኛው ሰዓት ያለ ግብ አልቆ ወደ መለያ ምት አመሩ። አምስተኛውን የላህ ምት የፈጣም በረኛ አዳነው። ያን በረኛ ያሠለጠነው ወንድማቸው ነው።

ደጋፊው እያለቀሰ ወደ መኪናው ሲመለስ ወይዘሮ አልጣሽ ከበሮውን መሬት ላይ አስቀመጡና ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ። ከኋላቸው ሰው እየጠራቸው ነበር። ወንድማቸው ዘንድ ደርሰው ቆሙ።

«ልጁን በደንብ አሠልጥነኸዋል» አሉት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም» አላቸው።

ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። የሚኒባሱ ጥሩንባ ሲነፋ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ግን እሑድ እሑድ ማታ ይደውሉለት ጀመር። ውጤት ይነግሩታል፤ ውጤት ይነግራቸዋል፤ ይዘጉታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ውድድሩም ቆመ። ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ ይደውሉ ነበር። የሚነግሩት ውጤት ስላልነበረ እንዴት ዋላችሁ ብለው ይዘጉታል።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ታመው ባሕር ዳር ሲመረመሩ የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ከሥራ ወጥተው ቤታቸው ተኙ። ወንድማቸው ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ፍኖተ ሰላም መጥቶ ከመምህር ስመኘው ጋር ተራ እየገባ አስታመማቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሄቨን ውሃ ልታመጣ በወጣችበት፣ አንድ ነገር ጠየቁት።

«ያኔ ሸጠኸው ነበር?»

«አልሸጥኩም፣ እታለም። አመለጠችኝ።»

ከዚያ «ታዲያ እኔ ለምን ፈረምኩ?» አሉ።

ዐይናቸውን ጨፍነው «ታሪኬን አንተ ጻፈው። ደብዳቤውን እንዳትዘለው። ሰዉ ተሰብስቦ ሳለ ይነበብ፤ ያኔ የሰማው ሁሉ አሁንም ይስማ» አሉት። መምህር ስመኘው ይህን ሲሰሙ ለልጆቹ ሲሉ «አይነበብ» ብለው ነበር። በማግሥቱ ሐሳባቸውን ለውጠው «ብላለች፤ ይነበብ» አሉ።

ወይዘሮ አልጣሽ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ላህ እስካሁን ወደ ላይኛው ሊግ አላለፈም። ዛሬ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሥርዓተ ቀብራቸው ሲፈጸም የላህ ደጋፊዎች ማሊያ ለብሰው ቆመዋል፤ ከቡሬ የመጡትም ከጎናቸው አሉ። ወንድማቸው ሁለቱንም ያያል። ምን እንደሚሰማው ሲጠይቁት በማልቀስ ፈንታ እዚህ የጻፋቸውን ቀኖች ይቆጥራል።

ባለቤታቸውን መምህር ስመኘው አብተውን፣ ልጆቻቸውን ሄቨን ስመኘውንና ክንፈሚካኤል ስመኘውን፣ ወንድማቸውን ቢሆነኝ ክንዱንና ባለቤቱን ሠርክአዲስን ትተው ሄደዋል።

ሁሉን መርማሪ እግዚአብሔር የእኅታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል። ለቀረነውም ማልቀስን ይስጠን። አሜን።