ያሰማሁህ ሞተር

ልጄ፣ የሆዴ ፍሬ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ የረገጥከው ሁሉ ይለምልምልህ። እኛ ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ተሽሎታል፤ የግቢው በርም ተቀብቷል።

አንድ ነገር ግን ደብቄሃለሁ። መኪናችንን ሸጠናታል። ነዳጅ እንደ ውሃ ስትጠጣ፣ የክሊኒኩ ደመወዜ የእሷን ጉሮሮ ማርጠብ አቃተው። በምትኳ እንደ ስልክ ቻርጅ የምትደረግ ትንሽዬ መኪና ገዛን። ድምፅ የሚባል የላትም። አባትህ «ድመቷ» ይላታል፤ እስከዛሬ አንድ ቀን እንኳ አላጠባትም።

ስትሄድ የአሮጌዋን ኮፈን መታ መታ አድርገህ «ስመለስ እኔ ነኝ የምነዳት» ብለህ ነበር። ይኸው ቃልህ ነው አፌን የያዘኝ። ባለፈው እሁድ ደግሞ «እማዬ፣ ናፈቀችኝ፤ እስቲ ሞተሯን አሰሚኝ» አልከኝ። «ቁልፉን አባትህ ይዞት ወጥቷል፤ ቆይ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዋሸሁህ። ከዚያ በቤት ጫማዬ ወደ ዳቦ ጋጋሪው ሮጥኩ። አሮጌዋን የገዛት እሱ ነው። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እሱ ሲያስነሳልኝ መልሼ ደውዬ ስልኩን ኮፈኗ ላይ ያዝኩልህ። አንተ በደስታ ስትስቅ፣ እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሰውዬው አልሳቀብኝም። «እሁድ እሁድ ይምጡ፣ እናቴ» አለኝ። ይኼ ደግነቱ ከሁሉ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ያሰብከው ይሙላልህ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ። እሁድ ስትደውል ግን ሞተር አትጠይቀኝ። የእኔው ድምፅ ይብቃህ።

እናትህ