ሳንቀመጥ የተመለስንበት ቢሮ

ውድ ባለቤቴ አስካልዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ያስቸግረኛል። እንደምታውቂው ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ልጃችን ሰናይት ትጽፋለች። ስለ ራሷ የምለውንም ሳትቀንስ እንድትጽፍ ቃል አስገብቻታለሁ።

ቀበና ተለውጧል። በወንዙ በኩል የነበረው አጥራችን ፈርሶ ሰው የሚንሸራሸርበት መንገድ ሆኗል። የአንቺን ክፍል ለሰናይት ማጥኛ አድርጌዋለሁ፤ አትቆጪኝ።

ለሁለተኛ ዲግሪዋ የእንጦጦን ምንጮች ነው የምታጠናው፤ የትኛው ለምን እንደደረቀ። አምና ግን ልታቋርጥ ነበር። አማካሪ የሚሉት መምህር ተመድቦላት፣ የጻፈችውን ስትሰጠው ሳያነብ «ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» ይላታል። በተሳሳተ መንገድ ስትሄድ እንደከረመች በኋላ ገባትና አለቀሰች። አማካሪ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። ስታስረዳኝ፣ እንደ ንስሐ አባት ነው በይኛ አልኳት፤ የማይጠይቅሽን ትቀይሪያለሽ። እነሱም ዘንድ ይቀየራል አሉ፣ የሚቀበል ከተገኘ። አንዲት ዶክተር አለች፣ ግን ኃይለኛ ናት፣ እፈራታለሁ አለችኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? ሳልነግራት ከእድራችን ሁለት ሽማግሌ ይዤ ዶክተሯ ቢሮ ሄድኩ። ጋቢያችንን አጣፍተን፣ ከዘራችንን ተደግፈን ቆምን። ተቀመጡ አባቶቼ አለች። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አልን። ደነገጠች፤ ቀጥላም ሳቀች፤ «ለማን ልትድሩኝ ነው?» አለች። ነገሩን ስነግራት ሳቋን አቆመች። ተማሪ የምቀበለው በሽማግሌ አይደለም፣ ጥያቄዋን ይዛ ራሷ ትምጣ አለች። ሽበታችንን አክብራ እስከ በሩ ሸኘችን እንጂ እሺ አላለችም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ታደሰ፣ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም መጣ። እኔም ተናደድኩ፤ እኔን እምቢ የሚለኝ ሰው ጥቂት ነው። ግን እንቆቅልሽ ሆነብኝ፤ ለሦስት ሽማግሌ ያልተበገረች ሴት ለልጄ ምን ትሆናት ይሆን?

ሰናይት ስትሰማ አዋረድከኝ ብላ አኮረፈችኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስትል ግን የፈራችው ቢሮ ገባች። ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ዶክተሯ እኛን አንድም ጊዜ አላነሳችም፤ የማታውቂው ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት፣ እሱን ሲያወሩ ዋሉ፣ ተቀበለቻት።

አሁን የጻፈችው ሁሉ በቀይ ተሞልቶ ይመለሳል። ሰድባሽ ነው ወይ አልኳት። አንብባልኝ ነው አባዬ አለች፣ ደስ ብሏት። በቀይ ደስ የሚለው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

የአማካሪን ሥራ በዓይኔ ልይ ብዬ አንድ ቀን ከኪዳነ ምሕረት በላይ ያለውን ዳገት አብሬያቸው ወጣሁ። ሰናይት ምንጭ ስትፈልግ ወደማይሆነው ሸለቆ ወረደች። ልጣራ አፌን ስከፍት ዶክተሯ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ቆመን ጠበቅናት። ስህተቷን ራሷ አግኝታ እየሳቀች ተመለሰች። ዶክተሯን እንዴት አስቻላት? አንቺም ጥጥ ስታስፈትያት፣ ክሩ ሲቋጠርባት ከእጇ አትነጥቂም ነበር። ይህን ማን አስተማረሽ? ሳልጠይቅሽ ሄድሽ።

በቅርቡ ሰናይት መምህራን ፊት ቆማ ያጠናችውን ታስረዳለች። ዶክተሯም አትናገርላትም አሉ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ ቢያፋጥጧትም አልነሣም። ስሟ ሲጠራ የሚከተለው የእኔ ስም ነው፤ የአንቺን የሚጠራ የለም። እኔ ግን በልቤ ሰናይት አስካለ እላለሁ። ያን ቀንም፣ አንቺ ዘንድ እስክመጣም።