በሩን ቶሎ አትቁረጪው

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ። ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ፤ እኛ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ልጅህ ተዋናይ ሆነችልህ! እኔ ኤዲት በማደርገው ፊልም ላይ አባቷን የምትጠብቅ ልጅ ሆና ትጫወታለች። ዳይሬክተሩ «አልቅሺ» ቢላት አላለቀሰችም፤ የሹራቧን ክር ትመዝ ጀመር። ሰውዬው ደሙ ፈላ። እኔ ግን ፊቷን ትቼ ካሜራው ቀርቦ ያነሳቸውን ጣቶቿን ብቻ አስገባሁ፤ ሙዚቃውንም አወጣሁት። አሁን ክሩ ሲበጠስ ይሰማል። ያ ልበ ድንጋይ እንኳ ሲያየው ዓይኑን ጠረገ።

ትናንት ሥራ ቦታዬ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። መጨረሻ ላይ ልጅቷ አባቷን የምትጠብቅበት የተዘጋ በር ለአፍታ ይታይና ፊልሙ ያልቃል።

«አክስቴ፣ በሩን ቶሎ አትቁረጪው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ቢመጣስ?»

አምስት ሰከንድ ጨመርኩላት። ዳይሬክተሩ «በዛ» ቢልም አልሰማሁትም።

የላክንልህ ሦስት ደብዳቤዎች ተመልሰው መጡ። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ልትነግረኝ ስትል፣ «የእጅ ጽሑፌ ነው ጉዱ» ብያት እየሮጥኩ ወጣሁ። ድሮስ አንተ «ዶሮ የጫረችው» ትለኝ አልነበር? የዚህኛውን ደብዳቤ አድራሻ ዓይን በሚያክል ፊደል ጽፌዋለሁ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ባለህበት ሰላም ሁንልን።

እህትህ

ከታች ያለውን ባዶ ቦታ ያስተወችኝ ልጅህ ናት፤ «መልሱን እዚሁ ላይ ይጽፈዋል» ብላ።