የሰሌዳው ቀኝ ወገን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ጤናሽን በጅምላ አልጠይቅሽም፤ በጅምላ ስጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ብለሽ ትገላገይኛለሽ። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ልውረድ። ራስ ምታትሽ እንዴት ነው? መነጽሩን ታደርጊዋለሽ ወይስ አሁንም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እንግዳ ይጠብቃል? ትከሻሽስ? ወገብሽስ? እጆችሽ ብርድ ሲመጣ መሰንጠቃቸውን ተዉ ወይ? የላክሁልሽን ቅባት ለጎረቤት እንዳታካፍዪ፤ አውቅሻለሁ። ጋሼንስ ሳሉ ተዋቸው? ልጆቹስ ይታዘዙሻል? እኔ ደህና ነኝ። ካንቺ ናፍቆትና ከጠመኔ ብናኝ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በምክንያት ነው። ስልክ ላይ የማትወጂውን ነገር ስጠይቅሽ ልጆቹን ትጠሪያለሽ፣ በሩ ተንኳኳ ትያለሽ፣ ወሬውም እዚያው ይቀራል። ወረቀት ግን በሩን ቢያንኳኩበትም ባያንኳኩበትም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጥያቄዬ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ዘለሽ እንዳትሄጂ።

ከአንድ የታሪክ መምህር ጋር ተጣምሬ ማስተማሬን ነግሬሻለሁ። የመማሪያ ክፍል ሲያንስ የእኔን የሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ከእሳቸው የታሪክ ክፍለ ጊዜ ጋር አጋጠሙትና አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኘን። ተማሪዎቹ ሰውዬውን «ማስረጃ» ይሏቸዋል። ማንም ምንም ቢናገር «ማስረጃህ የታለ?» ስለሚሉ ነው። ዝናብ ጀመረ ብትያቸው መስኮቱ ጋ ሄደው እጃቸውን ያወጣሉ። እኔ ከሩቅ አገር የተተረጎመ ልብ ወለድ አነባለሁ፤ ከዚያ እሳቸው ተነሥተው በዚያ ዘመን ድሃው በስንት ሰዓት ይነሣ፣ የት ይተኛ፣ ልጁ በምን ይሞትበት እንደነበር ያስረዳሉ። ሳንተዋወቅ ጀመርነው፣ ኋላ ግን እጅና ጓንት ሆነን አረፍነው። ክፍል ሲገኝልን እንኳ ተማሪዎቹ መለያየታችንን አልወደዱትም። ዳይሬክተሯ ለዘንድሮ ብቻ፣ ለሙከራ ብላ ፈቀደችልን።

ታዲያ ሰሌዳውን መሐል ለመሐል በነጭ ቀለም ከፍለነዋል። ግራው የእኔ፣ ቀኙ የእሳቸው ነው። በግራ የሚጻፈው የታሰበ፣ በቀኝ የሚጻፈው የተረጋገጠ ነው ብለው ለተማሪዎቹ ያወጁት እሳቸው ናቸው። ልብ ወለድ የሚባል ነገር አያነቡም፤ በእኔ ተራ ከኋላ ተቀምጠው ደብተር ያርማሉ። የሥራ ፈት መጫወቻ ነው ይላሉ። አንቺም «ተረት እህል አይሆንም» እያልሽ ስላሳደግሽኝ አልተቀየምኳቸውም። ለምጄዋለሁ።

የዘንድሮው መጽሐፋችን ስለ ልብስ አጣቢ ሴቶች ነው። በትልቅ ከተማ፣ እንፋሎት በሞላበት ምድር ቤት ውስጥ፣ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ይውላሉ። አንድ ቀን እርጥቡን አንሶላ እንዳለ ጥለው ይወጣሉ። ከፊት የምትሄደውን ሴት መጽሐፉ በስም አይጠራትም፤ «አጣቢዋ» ነው የሚላት። እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ከኋላ ወንበር የሚያንቀላፋው ልጅ እንኳ ቀና አለ።

ስሕተቱ የተሠራው ያን ቀን ነው። ማስረጃ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሄደው አልነበሩም። የእኔ ወገን ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ደወሉም ሊደወል ነው። ከራሴ ወገን የማጠፋው ነገር አልነበረኝምና በእሳቸው ወገን ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ አድማውን የመራችው አጣቢ «የሰው ልብስ ሲነጣ የእኛ ዕድሜ ጠቆረ» አለች። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፣ ወጣሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ ማስረጃ ጉንጫቸው አብጦ መጡና ጽሑፉን አዩት። እትዬ፣ ለዝናብ እጃቸውን የሚያወጡት ሰውዬ ስለዚያች ሴት አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። በኋላ ለምን ስላቸው፣ በእኔ ወገን ያለ ነገር የተረጋገጠ ነው ብዬ ነዋ አሉኝ። እኔ ደግሞ እሳቸው አይተው ያጠፉታል ብዬ ረስቼዋለሁ። እሳቸው ግን አላጠፉትም። በዙሪያው ዓመተ ምሕረት ጨመሩበት፣ በዚያ ከተማ አጣቢዎች ሥራ ማቆማቸውን ከታሪክ መጽሐፍ አመጡለት፣ ሴትየዋንም የአድማው መሪ አድርገው አስተማሩ። ተማሪዎቹ ሁለታችንም ያልናት ሴት ሐሰት ትሆናለች ብለው ከየት ያስቡ? ደራሲው እውነተኛ ሴት ወስዶ ጻፈ አሉ፣ አለቀ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ግን ሳንጠረጥር ልጆቹን አስመነጠርን።

የትምህርት ቤቶቹ የጋራ ፈተና መጣ። የታሪኩ ወረቀት ለሠራተኛው መብት ከታገሉ ሰዎች አንዱን መርጣችሁ አስረዱ ይላል። የእኛ ክፍል፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ አጣቢዋን መረጠ። ሁሉም ያችኑ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። አራሚዎቹ የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። የማያውቋት ሴት፣ አንድ ዓይነት ቃል፣ ሙሉ ክፍል! ኩረጃ ነው ብለው የክፍሉን ውጤት በሙሉ አገዱት።

በር አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለችኝ። ነገር ካልገባት የማትለቅ፣ ስትናገር ጠረጴዛውን በጣቷ የምትመታ ልጅ ናት። አባቷ ግንበኛ ነው፤ ልብሱ ላይ ሲሚንቶው እንዳለ መጣ። አልጮኸም። ልጄ ሰርቃ ከምትማር ትምህርቱ ይቅርባት፣ ከነገ ጀምሮ እናቷን ትርዳ ብሎ ሊያስወጣት ነው የመጣው። ልጅቷ ከጎኑ ቆማ አልኮረጅኩም አላለችም። እኔን ነበር የምታየኝ። እትዬ፣ ዓይኗን እንዴት ልቻለው? እባክህ እስከ ነገ ታገሰኝ አልኩት፤ እሺ አለ፣ ፊቱ ግን እሺ አላለም።

ዳይሬክተሯ ቢሮ ስንገባ እኔና ማስረጃ እኩል ጀመርን። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት አሉ። እሷም ገርሟት ከፈለጋችሁ በፈረቃ አጥፉ አለችን። እንድታምነን መጽሐፉን ከፍቼ አጣቢዋን አሳየኋት። አድማውን አሳየኋት። ያችን ዓረፍተ ነገር ግን ብገልጥ ብገልጥ አጣኋት። ደግነቱ ያየችው በቃት፤ ለአራሚዎቹ ደወለችና ኩረጃ አለመሆኑን አስረዳች። ውጤቱ ተለቀቀ፣ ጥያቄው ብቻ ለሁሉም ተሰረዘ። ግንበኛው አባት ልጁን አላስወጣም። እኛን ግን ዳይሬክተሯ ቀጣችን፤ ተረትና ታሪክ መቀላቀል ምን ጥቅም እንዳለው በወሩ መጨረሻ ወላጆች ፊት ቀርበን እናስረዳለን። ካላሳመንናቸው ጥምሩ ትምህርት ይቀራል፣ ሁላችንም ወደየክፍላችን እንሄዳለን።

ከዚያ በፊት ግን ለልጆቹ መንገር ነበረብን። ነገርናቸው። ሁለታችንም ቆመን አጣቢዋ የለችም፣ ደራሲው የፈጠራት ናት አልናቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። አንዷ፣ ቲቸር፣ እኔ አልቅሼላት ነበር እኮ አለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ ለሌለች ሴት የፈሰሰውን ግን ምን ብለሽ ትመልሺዋለሽ? ያኔ በር አጠገብ ያለችው ልጅ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችና፣ መምህር፣ እሷ ከሌለች አድማውን ማን መራው ታዲያ ብላ ማስረጃን ጠየቀቻቸው። አጣቢዎቹ ሥራ ማቆማቸው እውነት አይደለም ወይ? ታዲያ አንዷ ቀድማ ጥላ ወጥታ የለም ወይ?

ማስረጃ አላውቅም አሉ። መጽሐፌ አጣቢዎች ሥራ አቆሙ ብሎ ያልፋል፣ አንዷንም በስም አልጻፈም አሉ። ሰውዬው «አላውቅም» ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲወጡ ያንን መጽሐፍሽን አውሺኝ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ቀልቶ መለሱልኝ፤ ጉንፋን ነው አሉ። እኔም ማስረጃ አልጠየቅኳቸውም።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሯ ልምጣ። ትምህርት ካለቀ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። የለችም እትዬ። አጣቢዋ እዚያ ምዕራፍ ላይ ምንም አትናገርም፤ ዝም ብላ ነው የምትወጣው። ቃሉን ከየት አመጣሁት ብዬ ሳስብ የበረኪና ሽታ መጣብኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አንቺ ወደምትሠሪበት የሆስፒታል ማጠቢያ ክፍል እየመጣሁ የታጠፈው አንሶላ ክምር ላይ የቤት ሥራዬን እሠራ አልነበር? አንድ ቀን ስመጣ ማሽኖቹ ጸጥ ብለው ነበር። እርጥቡ አንሶላ ሲሚንቶው ላይ ተቆልሎ ውኃው እስከ በሩ ይፈሳል። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ቆመዋል፣ አንቺ ከፊት ነሽ። ተቆጣጣሪው አንድ ነገር ተናገረሽ፤ አልሰማሁትም። የመለስሽለትን ግን ሰማሁ። የሰው ልብስ ሲነጣ የእኛ ዕድሜ ጠቆረ ነበር ያልሽው። ከዚያ እጄን ይዘሽ ወደ ቤት ሄድን፤ እጅሽ እርጥብ ነበር። ምን ሆናችሁ ነው ብዬ ጠየቅኩሽ። ትምህርትሽን አጥኚ አልሽኝ። ለጥቂት ጊዜ ቤት ዋልሽ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ሥራ ገባሽ፣ ደግመሽም አላነሣሽውም። ረስቼዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ዓይኔ አልረሳውም፤ ቃሉ የማን እንደሆነ ግን አፌ ረስቶታል። ያንን መጽሐፍ የመረጥኩት ደራሲው ጎበዝ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ለማስረጃ ነገርኳቸው። ያችን የተለመደች ጥያቄያቸውን ጠበቅኩ። ጠየቁኝም፣ ግን ቀስ ብለው፤ ማስረጃሽ በሕይወት አለች ወይ አሉኝ። አለች አልኳቸው። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ አሉኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ያን ቀን ምን ሆነ? ለምን ቆማችሁ? ከጎንሽ የነበሩት እነማን ናቸው? ምን አገኛችሁ፣ ምንስ ቀረባችሁ? ለወላጆቹ ስብሰባ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ስብሰባው ባይኖርም እጠይቅሽ ነበር። ለልጆቹ ያንቺን ነገር አልነገርኳቸውም። ያቺ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አላት፣ ፈቃዷን ልጠይቅ ነው ያልኳቸው። አልናገርም ካልሽ «አልናገርም» ብለሽ ጻፊልኝ፤ እሱንም አከብራለሁ።

ጋሼን ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም በዪልኝ። አክስታችንን በቀኝ ጆሮዋ በኩል ቆመሽ ሰላም በያት፤ በግራው አትሰማም፣ ኋላ ረሳችኝ ትላለች። ትንሹን ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ እስክርቢቶ ማላመጡን ይተው። የፊት ለፊቷን ልብስ ሰፊ ቀሚሱ ልክ ሆነ በያት። ትልቋ ልጅሽ ይህን እያነበበችልሽ ከሆነ ደግሞ ናፍቆቴ ይድረሳት፤ እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጣ ሻይ ታፍላልሽ፣ አንቺም እስኪፈላ ዝም ማለት ትችያለሽ።

ማስረጃ የሰሌዳውን ቀኝ ወገን በእርጥብ ጨርቅ ራሳቸው አጠቡት። ከዚያ ወዲህ ምንም አልጻፉበትም፤ ቆመው በቃል ብቻ ያስተምራሉ። በር አጠገብ ያለችው ልጅ በየጠዋቱ ስትገባ መጀመሪያ ያንን ባዶ ወገን ነው የምታየው።

ትምህርትሽን አጥኚ ብለሽኝ ነበር። አጥንቻለሁ እትዬ። አሁን ንገሪኝ።

ያሳደግሻት ታናሽ እህትሽ

ከክፍሌ፣ ከሰሌዳው ፊት ለፊት፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ተጻፈ።