በአሮጌው ሌንስ ያነሳሁህ ፎቶ

ታዴዬ፣

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ፤ ለቅሶህ ላይ ድንኳኑ ውስጥ የቆመውን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የፎቶ አንሺ ጓደኞችህ ሥራ መስሎት ነበር።

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ላንቻ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። የጽድ ዛፉም ግቢውም የሉም። ሌንሶችህን ግን ካልሲ ውስጥ እንደከተትካቸው ይዣቸው መጥቻለሁ።

ያን ቀን ትዝ ይልሃል? ከቁራሌው በርካሽ የገዛኸውን የድሮ የፊልም ካሜራ ሌንስ በብረት ቀለበት አድርገህ አዲሱ ካሜራህ ላይ ገጠምከው። ካሜራው ሌንስ የለኝም ብሎ አላነሳ ሲለኝ የሰበርኩት መስሎኝ ደነገጥኩ። አንተ ስቀህ፣ ያለ ሌንስ አንሳ የሚለውን ከሜኑው ውስጥ ከፈትክልኝ። ከዚያ ጽዱ ስር ቆመህ፣ «በእጅሽ እያዞርሽ ዓይኔን ፈልጊው፤ ይሄኛው ራሱ አይፈልግልሽም» አልከኝ። ቀስ ብዬ አዞርኩ። ዓይንህ ሲጠራ፣ ከኋላህ በቅጠሉ መሀል የሚገባው ብርሃን ክብ ክብ ሆነ። የበራችን ሰማያዊ ቆርቆሮም ደብዘዝ ብሎ ገባ።

ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ወርቁ ለለቅሶህ ያንን ፎቶ ባምቢስ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ወስደው ኤዲት አስደረጉት። «የቁራሌው ጠርሙስ አበላሸው!» እያሉ። የግንባርህ መስመር ሁሉ ጠፋ፤ ከኋላህ ያለው ነጭ ሆነ። እኔ ሚስትህ፣ የማላውቀው ለስላሳ ሰውዬ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። ታላቅ ናቸው፣ ለቀስተኛ ፊት አላሳፍራቸው ብዬ ዝም አልኩ። ያ ዝምታ ዛሬም ያቃጥለኛል።

አሁን ደግሞ ለሙት ዓመትህ ያንኑ አሳድገው ሊያሳትሙት ነው። አልፈቅድም! ፊትህን የሸበሸበው ዕድሜ ነው እንጂ ሌንሱ አይደለም። አብረን ያረጀንበትን ዘመን ማን አጥፉ አላቸው? ያ ግቢ ዛሬ ያለው እዚያ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ቤቱ መፍረሱ አልበቃ ብሎ ከፎቶም ይፍረስ?

ዋናውን፣ ምንም ያልተነካውን፣ ትናንት ራሴ አሳተምኩት። ሙት ዓመትህ ላይ የሚቆመው እሱ ነው፤ እኔ እስካለሁ ድረስም ከግድግዳዬ አይወርድም። በዚያ ፊት ነው የማስታውስህ።

አፌ እንደሆነ እሳቸው ፊት አይከፈትም፤ ለብቻዬ ሆኜ የምጽፈው ፊደል ግን አያፍርም። ስለዚህ ታዴዬ፣ ላንተ የጻፍኩትን ይህን ወረቀት አጥፌ፣ ከፎቶው አንድ ቅጂ ጋር ነገ ጠዋት ለጋሽ ወርቁ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ።